ወተቱ የመረረ ሰሞን

ሚያዝያ ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ጀጎል ውስጥ፣ ከሰንጋ በር ገባ ብሎ ካለው ሰፈር፣ በየቀኑ አንድ ሊትር ወተት የማደርስላት ሐረሪ እናት ነች። ስንት ዓመት ደንበኛዬ ሆና ደውላልኝ አታውቅም።

«ልጄ፣ ሆጃዬ መረረኝ» አለችኝ።

ሆጃ የቡና ገለባ በደንብ ፈልቶ ወተት የሚጨመርበት የሐረር መጠጥ ነው። እሷ ጠዋት ሆጃዋን ሳትጠጣ ቀኑ አይጀምርላትም። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። የደነገጠች ነው የምትመስለው። «ገለባው ይሆን ብዬ ቀየርኩት። ድስቱን አጠብኩት። በኋላ ወተቱን ብቻውን ቀመስኩት። እሱ ነው» አለች።

ወደ ጓዳ ገባሁና ለቤት ካስቀረሁት ቀመስኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረውም። ከዋጥኩት በኋላ ነው ከምላሴ ሥር የመጣው። ግራዋ ያኘክሁ መሰለኝ።

ሦስት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። ሁለቱ ዲቃላ ናቸው፣ አንዷ ሻሼ የአገር ላም ናት። ሥራው ከእናቴ የወረስኩት ነው። እናቴ አምስታችንንም ያስተማረችን በወተት ነው። ቤታችን ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ማሽላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ያን ቀን ደንበኞቼ ጋ አንድ በአንድ እየደወልኩ «አትጠጡት» አልኩ። የከፈሉኝን መለስኩ። የቀረውን ወተት ደፋሁት። እናቴ በሕይወቷ ወተት ስትደፋ አላየሁም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የደፋሁት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዕቃውን ነው። ማለቢያውን በፈላ ውሃ አጠብኩ። ወይራ ጫር አድርጌ አጠንኩት። ማታ አለብኩ፣ መረረ። ቀጥዬ የጡት በሽታ ጠረጠርኩ። የታመመ ጡት ወተት ግን ጨው ጨው ይላል፣ አንዳንዴም የረጋ ነገር ይወጣዋል። የሦስቱንም ግት በእጄ ዳሰስኩ። ትኩሳት የለም፣ እብጠት የለም። በነጋታው ሦስት ብርጭቆ አቀረብኩና የእያንዳንዷን ወተት ለብቻ ቀዳሁ። ሦስቱም መረሩ። ከሁሉ የባሰው የትልቋ ዲቃላ ነው። እሷ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ የምትበላ ናት። ያኔ ነገሩ ከመኖው እንደሆነ ገባኝ።

ከብት የሌለው ሰው ሚያዝያን ዝናብ ስለጣለ ደህና ወር ይለዋል። ለእኛ ከወሮች ሁሉ ክፉው ነው። በታኅሣሥ ያከማቸነው የማሽላ አገዳ አልቋል። ድርቆሹ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛህ ብቻ ላም አትዘልቅም። ከሐረር ቢራ የሚወጣውን አተላ ባገኝ ደስታዬ ነው፣ ግን የወተት ላም ያለው ሁሉ ነው የሚሻማው። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ሜዳው አረንጓዴ ይሆናል። ሣሩ ግን ገና ለአፍ አይደርስም። ስለዚህ አንድ የሰፈር ልጅ በየማለዳው አንድ ሸክም አረንጓዴ እያጨደ እንዲያመጣልኝ ተስማምቼ ነበር። ልጁ ታማኝ ነው። ሸክሙም ትልቅ ነበር። ከፍቼ አላየሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

የዚያን ቀን ሸክም ፈታሁት። ከሣሩ ሥር፣ ቅጠሉ የካሮት የሚመስል፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ የያዘ ተክል በብዛት ታጭዶ ነበር። ከመንገድ ዳር ስንት ዘመን ያየሁት ነው። ስሙን ጠይቄ አላውቅም። አንዱን ቅጠል ቆረጥ አድርጌ ጥርሴ ላይ አደረግሁት። ያው ምሬት።

*

ከቤቴ በስተምሥራቅ ቦረቦር አለ። ከቦረቦሩ ማዶ የሐጂ ማሳ ነው። ሐጂ እድሜው ሰባ አልፏል። ሐረር ላይ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው። ያደግንበት አፍ ነው፣ አንቱ ብለው ራሱ ይደነግጥብኛል። በልጅነቴ ትከሻው ላይ ተቀምጬ ገበያ ወርጃለሁ። ስለዚህ አንዷን ዘለላ ይዤ ቦረቦሩን ተሻገርኩ።

ሐጂ ዲማን እያበላ ነበር። ዲማ ቀይ ማለት ነው በኦሮምኛ። በሬው እውነትም እንደ ሸክላ ቀይ ነው። ይህን ማየት ስለምወድ ሁሌም ቆሜ አያለሁ። የሐረርጌ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራው በዚህ ዓይነት እጅ ነው። በሬው ግጦሽ አይሄድም። ቤት ታስሮ ነው የሚውለው። ሐጂ አጠገቡ ቁጭ ይልና የማሽላውን አገዳ በገጀራ ይከትፋል። ጠንካራውን ቅርፊት ይገፍፋል። ጭብጥ ያህል ይዞ ወደ አፉ ያቀርባል። በሬው አኝኮ ሳይጨርስ ሌላ አይሰጠውም። «ብዙ ከፊቱ ካፈሰስክለት ይረጋግጠዋል፣ ይንቀዋል» ይላል። ሸካራውን ያስቀድማል፣ የሚጣፍጠውን ቅጠል መጨረሻ ላይ። ሲጠግብ አንገቱ ሥር ያክለታል። እንዲህ እያለ ወራት ይሄዳል። ለፋሲካ ያልደረሰ ለአረፋ ይደርሳል።

መኖው ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ከዚያችው ጠባብ ማሳ ነው። ሐጂ ማሽላውን ሆን ብሎ አጥግቶ ይዘራዋል። ከዚያ በሰኔና በሐምሌ እያሳሳ ይነቅላል። የተነቀለው ለዲማ ነው። በነሐሴ የታችኛውን ቅጠል ይገፍፋል፣ እሱም ለዲማ ነው። እህሉ ሲሰበሰብ አገዳው ይቀራል። ከጫት የተረፈው ገራባ ለፍየሎቹ ይሄዳል። አንድ ነገር ሲወድቅ አላየሁም እዚያ ግቢ ውስጥ። አንዴ የነቀለውን ለጋ ማሽላ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ሲያሳድር አይቼ «ለምን ዛሬውኑ አትሰጠውም?» አልኩት። ድርቅ የመታው ለጋ ማሽላ መርዝ እንዳለው፣ በልጅነቱ የጎረቤት ጊደር በልታው ወዲያው ስትወድቅ እንዳየ ነገረኝ። ይህን ነገር በኋላ ከግብርና ባለሙያም ሰምቼዋለሁ። ሐጂ ግን የተማረው ከዚያች ጊደር ነው።

ዘለላውን አሳየሁት። እጁን ሰበሰበ። አልነካውም።

«ፈረምሲሳ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«አስፈራሚ። ማሳህ ውስጥ ከገባ መሬትህን ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርም ይልሃል። ለዚህ ነው።»

አማርኛው ቅንጨ አረም ይባላል። ፓርቲኒየም ነው የትምህርት ቤት ስሙ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረምሲሳ ነው የምለው፤ ከዚህ የበለጠ ስም አይገኝለትም። ሐጂ ልጅ ሳለ አልነበረም። ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ በተደረገበት ዘመን፣ በ1969 እና በ70፣ ከመኪኖች ጎማ ጋር ገባ የሚሉ አሉ። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ነው የሚሉም አሉ። አገሩ ወዲያ ማዶ አሜሪካ ነው። እኛ ጋ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ ነው ቀድሞ የታየው። ከዚህ ተነስቶ ነው አገር ያዳረሰው።

«ከብት ካልራበው አይነካውም» አለኝ ሐጂ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ተሰማኝ። ላሞቼ ርቧቸው ነበር ማለት ነው።

*

አረሙ ከየት እንደታጨደ ልጁን ጠየቅሁት። «ከመሀል መንገድ» አለኝ።

መሀል መንገድ የምንለው በኔ አጥርና በቦረቦሩ መካከል ያለውን መሬት ነው። ዱሮ የከብት መተላለፊያ ነበር። ከሦስት መንደር የሚመጣ ከብት በዚያ አልፎ ታች ወንዙ ይጠጣ ነበር። አሁን ወንዙ ከክረምት በቀር ውሃ የለውም። መንገዱ ግን ቀረ። ስፋቱ አሥራ አምስት እርምጃ፣ ርዝመቱ የኳስ ሜዳ ያህል። የማንም አይደለም። የወል ነው። እንግዲህ እውነቱን ልናገር። የማንም ያልሆነ ስለሆነ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ወስደንበታል።

እዚህ አጥራችን ክንችብ ነው። ክንችብ ሰብረህ ብትተክለው ይበቅላል። ስለዚህ አጥር ማንቀሳቀስ ቀላል ነው። ዘንድሮ አንድ ስንዝር ወጣ አድርገህ ትተክላለህ፣ በሦስት ዓመቱ አሮጌውን ትነቅላለህ። ማንም ምንም አይልህም። እሱም እያደረገው ነዋ። የኔም አጥር በእናቴ ጊዜ ከነበረበት ወደ ሁለት ሜትር ወጥቷል። እኔ ነኝ ያወጣሁት። የጥጃ ማሰሪያ ቦታ ጠቦኝ ነበር።

ከጎረቤቶቼ ጋር ሁሉን ነገር እናወራለን። ሠርግ፣ ሐዘን፣ የልጅ ትምህርት፣ የዘይት ዋጋ። ስለዚያ መሬት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሁላችንም አጥራችንን ስለምናውቀው ነው። ማንም ካልተናገረ ማንም አያጸዳውም። ባለፈው ዓመት ደግሞ ከላይ ቤት የሚሠሩ ሰዎች በገልባጭ አሸዋ አምጥተው እዚያው ደፉ። አሸዋው አለቀ፣ አብሮት የመጣው ዘር ቀረ። ሁላችንም አየነው። ሁላችንም አለፍነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ከሐጂ ግቢ በላይ ያለችው ሾላ ሥር ይቀመጣሉ። ጫታቸውን ይዘው ነው። ሴቶቹ ቡና ይዘው ዘግየት ብለው ይመጣሉ። ያን ሐሙስ እኔም ሄድኩ። ጥቂት ሰው ነበር። ሐጂና ሁለት ልጆቹ፣ ከታች ያሉት ባለ ፍየሎች፣ ከዐረብ አገር የተመለሰ አንድ ወጣት ጎረቤት፣ ከባቢሌ በኩል የግመል ወተት ይዛ የምትመጣው ሶማሌ እናት። ሆዮ ነው የምንላት። መኪና እስክትይዝ ከኛ ጋር ታርፋለች።

ወተቱ እንደመረረ ተናገርኩ። ሁሉም አዘኑልኝ። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ሊሄድ ሲል «የኔ አጥር ሁለት ሜትር ወጥቷል» አልኩ።

ጸጥ አለ። አንዷ ሲኒ አቁማ አየችኝ።

«እመልሰዋለሁ» አልኩ። «መሀል መንገዱን ግን ብቻዬን ማጽዳት አልችልም።»

ሐጂ ጫቱን ከጉንጩ አዛወረ። ቀስ ብሎ «አውቃለሁ» አለ። «እናትሽ ስታጥር ችካሉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። የት እንደነበረ አውቃለሁ።»

ስንት ዓመት አውቆ ዝም ብሎኝ ነበር። ለጥጃዬ ቦታ እንደጠበበኝም ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አይገባኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ መሬቱ ያወራነው። እስኪመሽ። ሽማግሌዎቹ መሬቱ ዱሮ ምን እንደሚመስል ነገሩን። መሀል መንገዱ ላይ ከጉልበት የሚደርስ ሣር እንደነበር። በበጋ እንኳ ወንዙ ዳር ከብት አጠጥተው እንደሚመለሱ። የሐሮማያ ሐይቅን አነሱ። ለሐረር ከተማ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነበር። በ1990ዎቹ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ። ጀልባ የሄደበት ላይ ከብት ሲግጥ፣ ሰው ጫትና ድንች ሲያለማ ያዩ እዚያ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓድ ተስቦ ሽቅብ ተገፍቶ ነው የሚመጣልን። አንዲት የምትታለብ ዲቃላ ላም በሞቃት ቀን 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ትጠጣለች። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ወቅት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጄሪካን የደረደረ ያውቀዋል። ሐይቁ በነዚህ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ ውሃ ይዟል። ሐጂ ሄዶ አይቶታል። «ይመለሳል እኮ» ነው ያለው። ሌላ ምንም አላለም።

ስምምነት ወዲያው አልመጣም። ከዐረብ አገር የተመለሰው ወጣት «መሀል መንገዱ ላይ ጫት እንትከል፣ ለሁላችንም ገቢ ይሆናል» አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ልጅ ያሳድጋል። ግን ጫት ከተተከለ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ያለው ነገር ደግሞ ባለቤት ያበጃል። ባለ ፍየሎቹ አልተቀበሉትም። ሌላው «ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ይረጭ፣ በአንድ ቀን ያልቃል» አለ። የሱ ወንድም ንብ አለው። የመርጫው ንፋስ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? እዚያም ላይ ተከራከሩ። ሆዮ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች። በመጨረሻ «እኛ ጋ መሬቱ ሲከፋ ግመሉን ይዘን እንሄዳለን» አለች። «እናንተ የት ትሄዳላችሁ?»

ማንም አልመለሰላትም። ሐጂ ግን «ጉዛ እንጥራ» አለ።

ጉዛ የሐረርጌ ደቦ ነው። የጠራው ሰው ያበላል፣ የመጣው ሰው ይሠራል። አረሙ የኔን ወተት ስላመረረ ጠሪዋ እኔ ሆንኩ።

*

ከቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ አንዲት ወጣት መጣች። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት። ገና ከመጀመራችን አስቆመችን። ወንዶቹ ማጭድ ይዘው ነበር። «አትጨዱት፣ ከሥሩ ይበቅላል። ንቀሉት» አለች። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ሲለሰልስ ሥሩ ተመዝዞ ይወጣል። አበባ ያላወጣውን ቅደሙ አለች። አንዱ ተክል ብቻ 15 ሺህ ዘርና ከዚያም በላይ ይጥላል። አበባ ያወጣውን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተትን ለብቻ አድርቀን እንድናቃጥለው ነገረችን። ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ መጣል የለም፤ ፍግ ሲበተን ዘሩም አብሮ ይበተናል። ባዶ እጅ ደግሞ ክልክል ነው። እጃችን ላይ ካልሲና ፌስታል አሰርን። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ሳላስር ሠርቼ ነበር፤ ማታ ክንዴ ሽፍ ብሎ ሳክክ አደርኩ። አንዱ ጎረቤት ዓይኑ አብጦ ሁለት ቀን ቤት ዋለ።

ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ከላይ አሸዋ ያስደፉት ሰዎች ሳይጠሩ መጡ፤ ሁለት የቀን ሠራተኛም ይዘው። እኔ ገንፎ ሠራሁ፣ በቅቤና በበርበሬ። ለሾላው ሥር ቁጢ የሚባለውን የቡና ቅጠል ሻይ አፈላሁ። አዛውንቶቹ እየተቀመጡ እየተነሱ ነቀሉ። ሕፃናቱ ውድድር ገቡ፣ ማን ብዙ ነቀለ በሚል። ስድስት ሰዓት ሲሆን መሬቱ ታየ። ቀይ አፈር። ሃያ ዓመት አይቼው የማላውቅ መሬት።

እኔ አጥሬን የመለስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ሐጂ መጥቶ ችካል ያዘልኝ። «እዚህ ጋ ነበር» አለ፣ እግሩን አስደግፎ። ክንችቡን ስሰብር ወተቱ ዓይኔ እንዳይገባ ፊቴን በሻሽ ሸፈነልኝ። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሁለት ሌሎች አጥሮች ወደ ኋላ ተመለሱ። ማንም አልጠየቃቸውም። አንዱ ግን እስከ ዛሬ አልመለሰም። እሱንም ሰላም እንለዋለን። አንድ ቀን ሾላው ሥር ሲመጣ እንነጋገራለን።

ባዶ መሬት ለፈረምሲሳ ግብዣ ነው አለች ባለሙያዋ። ስለዚህ በቦረቦሩ ጠርዝ ዝሆኔ ሣር፣ ከላይ በኩል ደሾ የሚባል ሣር ተከልን። ደሾው አፈሩን ይይዛል። ዝሆኔው ቶሎ ይታጨዳል። ማን ይጨደው የሚለው ጉዳይ አንድ ሙሉ ሐሙስ ፈጀብን። ጉዛው ላይ የመጣ ሁሉ ተራ አለው፣ ፍየል ግን እስከ መስከረም አይገባም በሚለው ተስማማን። ለባለ ፍየሎቹ ከባድ ነው። በምትኩ ሐጂ ገራባውን እስከዚያ ለነሱ ይሰጣል። እኔም ለሁለት ወር ከቤታቸው ላለችው አራስ ግማሽ ሊትር ወተት አደርሳለሁ። ይህ በወረቀት አልተጻፈም። ሾላው ሥር ነው የተባለው።

*

ላሞቼን ሦስት ቀን ሙሉ ከአረንጓዴ አገድኩ። ተበድሬ ድርቆሽ ገዛሁ። ሐጂ ለዲማ ካስቀመጠው አገዳ ሁለት እስር አሻገረልኝ። በሚያዝያ ሁለት እስር አገዳ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከብት አርቢ ይፍረድ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሦስቱን ብርጭቆ ደረደርኩ። የሻሼ ጣፋጭ ነበር። የሁለተኛዋም። የትልቋን ሁለት ጊዜ ቀመስኩት። ጥጃዋ ግቱን በግንባሯ እየመታች ቆማ ነበር። ምንም ምሬት የለም።

ጀጎል ራሴ ይዤ ሄድኩ። በሰንጋ በር ገብቼ ጠባቡን መንገድ ተያያዝኩት። ያቺ እናት ከመደቡ ላይ ነበረች። ገለባው እየፈላ ነው። ወተቱን ስትጨምር አይኔን ከድስቱ ላይ አላነሳሁም። ፉት አለች። ሁለተኛ ፉት አለች። ከዚያ ሌላ ፊንጃል ቀድታ ለኔ ሰጠችኝ። ስለ ወተቱ ምንም አላለችም። ላሞቹ ምን በልተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እኛም ቤት ውጪ ማሳ ነበረን» አለችና፣ አባቷ ኤረር በኩል ስለነበረው ማሽላና ቡና እስከ እኩለ ቀን አወራችልኝ።

ይህን የምጽፈው በሰኔ ነው። ማሽላው ከጉልበት አልፏል። ሐጂ ማሳሳት ጀምሯል። ዝሆኔ ሣሩ ይዟል። ደሾው ገና ነው፣ ሁለት ቦታ ጎርፍ ወስዶታል። ፈረምሲሳ እንደገና በቅሏል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ባለሙያዋ ነግራን ነበር። ከዝናብ በኋላ በወጣሁ ቁጥር መሬቱ ላይ ተጣብቆ፣ ቅጠሉን እንደ ጽጌ ዘርግቶ አገኘዋለሁ። ጣት የማይሞላ ነው። አሁን ግን ስሙን የማያውቅ ሕፃን ሰፈራችን የለም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ፈረምሲሳ! ፈረምሲሳ!» እየተባባሉ ፌስታል አጥልቀው ይነቅላሉ።

ዛሬ ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ከቦረቦሩ ማዶ የሐጂን ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ! ነቅተሻል? ደሾውን እንየው።»

ቦቴ ጫማዬን እያጠለቅሁ ነው። ላሞቹ ትንሽ ይጠብቁኛል።